ትርንጎ የሰፋችው ቁልፍ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ድመታችንን ካርቶን ውስጥ ከታ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ወንድ ድመት ነው። ጣራ ለጣራ ሲዞር፣ ሲናከስና ሲቧጨር ሰንብቶ፣ ጩኸቱ ሰፈሩን አላስተኛ ብሎ ጎረቤቱ ሁሉ አማርሮብን ነበር። ይኮላሽ ተባለ፤ ተኮላሸ። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ሲመለስ ጠላ እንዳበዛ ሽማግሌ ተንገዳግዶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

ልጄ አጠገቡ ቁጭ ብላ ጆሮውን እያሻሸች፣ «እማዬ፣ ሲኮላሽ ጠባዩ ብቻ ነው የሚለወጠው ወይስ ውስጡም?» አለችኝ።

«ውስጡም እንጂ» አልኳት መርፌዬን ሳላስቀምጥ። «ከኩላሊቱ በላይ አንዲት ትንሽ ዕጢ አለች። የእሷ ሴሎች መልካቸው ይለወጣል። አይጥ ላይ አይቻለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስለ ጨርቅ እንጂ ስለ ሴል ስታወራ ሰምታ አታውቅም። «የት አየሽ?» አለች። በማይክሮስኮፕ አልኳት። «ማን አሳየሽ?» ስትል ግን ክሩ ተቋጠረብኝ ብዬ አቀረቀርኩ። ያሳየችኝን ሴት ስም መጥራት ዛሬም አይቀለኝም። ለልጄ ያልነገርኳትን እስቲ እዚህ ላውራው።

ያን ጊዜ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ስለዚህ ደብረ ታቦር ገበያው ጥግ ባለው የአክስቴ ስፌት ቤት በረንዳ ላይ አንድ የእግር መኪና ይዤ እሠራ ነበር። አክስቴ እትዬ ብርቄ ያሳደጉኝ ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ነገር ግን ምላሳቸው ከመቀሳቸው ይልቅ ይቆርጣል ይባል ነበር። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ በረንዳው ላይ ሲገባ ጣቶቻችን ደንዝዘው መርፌ መያዝ ያቅተናል፤ ያኔ እትዬ ብርቄ የሞቀ የገብስ ቆሎ መዳፋችን ላይ ያደርጉልናል። መጀመሪያ እንሞቀዋለን፣ ከዚያ እንበላዋለን።

ከከተማው ዳር ያለው ኮሌጅ ለላቦራቶሪ ሠራተኞቹ ነጭ ጋውን ሲያሰፋ ሥራው ለእኛ ደረሰ። ሊለካ ከመጡት አንዱ ይሁኔ ነበር። የጋሳይ ልጅ ነው፤ ረዥም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ ሳዞር ትንፋሹን ያዘና፣ «ጨረስሽ? ልተንፍስ?» አለኝ። በዚያው ጀመርን። አይጦቹ ጋውኑን በነከሱለት ቁጥር ይመጣል። አንዳንዴ የቀዳዳው ጠርዝ በጣም ቀጥ ያለ ስለሚሆን አይጡ መቀስ ይይዛል ወይ ብዬ እስቅበታለሁ። ከገጠር ሲመለስ ከእናቱ ድንች በከረጢት ያመጣልናል። በመስከረም ሽማግሌ ላከ፤ እትዬ ብርቄ እንደ ወጉ ትንሽ አንገራግረው እሺ አሉ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ሥራው ምን እንደሆነ ለአክስቴ ያስረዳበትን ቀን አልረሳውም። ዶክተር ታረቀ በሚባሉ መምህር ሥር ለጥናት የሚሆኑ ነጫጭ አይጦች ያሳድጋሉ። ከወንዶቹ ግማሾቹን ያኮላሻሉ፤ ግማሾቹን ለማነጻጸሪያ ቆዳቸውን ብቻ ቀደው መልሰው ይሰፏቸዋል። ሳምንታት ቆይተው ከኩላሊት በላይ የተቀመጠችውን ዕጢ ያወጣሉ፤ ሰም ውስጥ አድርገው እንደ ወረቀት፣ ከወረቀትም አሳስተው ይቆርጧታል፤ ቀለም ነክረው በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ፍሬው የወጣበት አይጥ ዕጢና ሙሉ የሆነው አይጥ ዕጢ ሴሎቻቸው በምን ይለያያሉ? ጥያቄው ይኸው ነው።

እትዬ ብርቄ ጸጥ ብለው ሰምተው፣ «ልጄ፣ በሬ ሲኮላሽ ለእርሻ ነው፤ ወይ ሰንጋ ሆኖ ለመድለብ ነው። አይጥ ተኮላሽቶ ምን ሊያርስ ነው?» አሉት። ይሁኔ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እንባውን እየጠረገ፣ «ይህን ለትርንጎ ብነግራት» አለ።

ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ትርንጎ የደራ ልጅ ናት፤ የሐሙሲት። ከእሱ ጋር አብራ የተቀጠረች የላቦራቶሪ ረዳት። ይህን ያወቅሁት ከእሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሳልፈልግ ሌላም ሌላም አወቅሁ። ትርንጎ ማደንዘዣ ስትወጋ አይጡ አይሰማውም። ትርንጎ መቁረጫ ማሽኗ ላይ ስትቀመጥ ሰሙ ሳይሰነጠቅ እንደ ጥብጣብ ተያይዞ ይወጣላታል። ትርንጎ ዶክተሩ ያላዩትን አየች። ትርንጎ እንዲህ አለች፤ ትርንጎ እንዲያ አደረገች። መጀመሪያ እሰማው ነበር። ቆይቼ እጠብቀው ጀመር፤ ዛሬስ ስሟን ሳይጠራ ይሄድ ይሆን እያልኩ። አንድም ቀን ሳይጠራት አልሄደም።

በኅዳር መጀመሪያ እናቱን ላስተዋውቅሽ ብሎ ጋሳይ ወሰደኝ። ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየማሳው ቆሞ ነበር፤ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ሚኒባሱ ከሚቆምበት እስከ ቤታቸው በእግር ስንሄድ እጄን በጋቢው ውስጥ ይዞኝ ነበር። ያቺን መንገድ እወዳታለሁ፤ የምወዳትም እስከ ደጃፉ ድረስ ስለ ማንም ስላላወራ ነው። እናቱ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች በሰፌድ፣ ሚጥሚጣ በቁንጥር አቀረቡልን። የጋሳይ ድንች እንደ ዱቄት አፍ ውስጥ የሚፈርስ ነው። ይሁኔ አንዱን አንስቶ በቢላዋ ቀጭን አድርጎ ለመቁረጥ ሞከረ፤ ተፈረካከሰበት። እያየው፣ «ትርንጎ ብትሆን ይህንን ድንች ብርሃን እስኪያሳልፍ ትቆርጠው ነበር» አለ።

እናቱ እጃቸውን ከሰፌዱ ላይ መለስ አድርገው፣ «ትርንጎ ማን ናት?» አሉ።

እሱ የተፈረካከሰውን ድንች ሰበሰበ። «የሥራ ጓደኛው ናት እማማ» ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። አሮጊቷ እሱን አላዩትም፤ እኔን አዩኝ። ዕይታቸው ሐዘኔታ ነበረው፤ ከዚያ በኋላ ድንቹ ጉሮሮዬ ላይ እየቆመ አልወርድ አለኝ።

ቅናት የሚሉት ነገር እንዴት እንደሚሠራ ያወቅሁት ያን ወር ነው። ሌላው ሐዘን ያደክማል፤ ቅናት ግን ጉልበት ይሰጣል። ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ እነሣለሁ። መኪናዬን ስረግጥ እትዬ ብርቄ «ኧረ ቀስ፣ ጎማ የላት» ይሉኛል። አይቻት የማላውቃትን ሴት መልክ ሠርቼ፣ ጥርሷን ነጭ፣ ወገቧን ቀጭን አድርጌ፣ ከዚያ መልሼ እየጠላኋት እውላለሁ። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ሽሮና ስልጆ ነው የምንበላው፤ እኔ ግን ምሬቱ ከስልጆው ሰናፍጭ ይሁን ከሌላ አልለየሁትም።

ከዚያ ቁልፉ መጣ።

ይሁኔ ኪሱ የተቀደደ ጋውኑን ጥሎልኝ ሄደ። ገልብጬ ሳየው ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ የእኔ ስፌት አይደለም። ልብስ ሰፊ የእጁን ሥራ በጨለማም ዳስሶ ያውቃል። ክሩ ቀጭን፣ የሚያንሸራትት፣ ከእኛ ገበያ የማይገኝ ነው። ከቁልፉ ሥር ክሩ ተጠምጥሞ ትንሽ አንገት ሠርቷል፤ ቋጠሮው የት እንደተጀመረና የት እንዳለቀ ባገላብጠውም አላገኘሁትም። እኔ ከሰፋኋቸው ሁሉ ያምር ነበር። ሴት ልጅ እጮኛዋ ላይ የሌላ ሴት ጠጉር ብታገኝ ይሻላታል፤ ጠጉር በነፋስም ይመጣል።

በማግሥቱ ሲመጣ፣ «ይህን ማን ሰፋው?» አልኩት።

«እ፣ እሱን? ትርንጎ ናት። በቀዶ ሕክምናው ክር።» እንደ ቀላል ነገር ተናገረው። ግን ጣቱን ሰዶ ቁልፉን ነካካው።

እሱ ሲሄድ ምላጭ አንሥቼ ቁልፉን ቆርጬ ጣልኩትና በራሴ ክር ሌላ ሰፋሁበት። የእኔው ልል ሆነ። ፈትቼ ደገምኩት፤ አሁንም እንደ እሷ አልሆነም። እትዬ ብርቄ ከመኪናቸው ማዶ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም የሆዴን ሁሉ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ። ወደ ገበያ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር።

የሄዱት ኮሌጁ በር ላይ ነው። ዘበኛው «እማማ፣ መግባት ክልክል ነው» ቢላቸው፣ «መግባት አልፈልግም፣ ድምፄ ይገባል!» ብለው ጀመሩ። ተማሪው ለምሳ የሚወጣበት ሰዓት ነበር። «የሰው እጮኛ የምትቀማ ትርንጎ የምትባል ሴት አለች አሉ! አይጥ አኮላሻለሁ እያለች የሰው ትዳር የምታኮላሽ!» ብለው እስኪደክማቸው ጮኹ። ይህ የመጨረሻው አነጋገር እንደ ግጥም ተያዘ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ውስጥ ጨው ሻጯ ሳትቀር ትለው ነበር።

ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «እትዬ፣ ምን አደረጉኝ!» ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ። ሆኖም ከሐፍረቱ ሥር አንዲት ትንሽ ደስታ ተቀምጣ ነበር፤ አሁን እሷም ይመማት የምትል።

ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት ሴት በረንዳችን ላይ ቆመች። አጠር ያለች፣ ጠይም፣ ፀጉሯን ጠቅልላ የያዘች፣ የፊት ጥርሷ በመጠኑ የወጣ። ጉልበቷ ድረስ አቧራ ለብሳለች። እኔ ስጠላት የከረምኩት ሌላ ሴት ስለነበር አላወቅኋትም።

«ስመኝ አንቺ ነሽ?» አለች።

«ነኝ።»

«ትርንጎ እባላለሁ። ተነሺና የምንሠራውን መጥተሽ እዪ። ከዚያ በኋላ ልትሰድቢኝ ከፈለግሽ በር ላይ አይደለም፣ ፊቴ ላይ ስደቢኝ።»

እትዬ ብርቄ አፋቸውን ከፍተው ሳይናገሩ ሲቀሩ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ተነሣሁና ተከተልኳት። እምቢ ማለት ነበረብኝ መሰለኝ፤ ነገር ግን ቅናት አንዱ ትልቁ ነገሩ ማየት መፈለጉ ነው።

የአይጦቹ ክፍል ሽታ በሩ ሳይከፈት ይቀበላል፤ የእርጥብ ሰጋቱራና የሽንት። ይሁኔ አልነበረም፤ ዕቃ ሊያመጣ ባሕር ዳር ተልኳል። ትርንጎ እጇን ታጥባ ጓንት አጠለቀች። አንድ ወንድ አይጥ ደንዝዞ ጀርባው ላይ ተኝቶ ነበር። ልጅ ሆኜ አጎቴ ቤት ወይፈን ሲኮላሽ አይቻለሁ፤ አራት ጎረምሳ ተጋድሞበት፣ ቀጥቃጩ እያላበው፣ ወይፈኑ ሲያጓራ ሰማይ የሚሰነጠቅ ነበር የሚመስለው። ይህ ግን ድምፅ የለውም። ትንሽ ቀደደች፤ እንደ ባቄላ ያሉትን ሁለቱን ፍሬዎች አንድ በአንድ አውጥታ ሥራቸውን ቋጥራ ቆረጠች፤ ሰፋችው። ያንን ቋጠሮ አወቅሁት። በእግሯ ወንበር ገፋችልኝ፤ ተቀመጥኩ።

«ይሄኛው ገና ነው፤ የሚታየው ወር ቆይቶ ነው» አለችና ወደ ማይክሮስኮፑ ወሰደችኝ። «አንዱን ዓይንሽን አትጨፍኚ፤ ሁለቱንም ክፈቺ።»

መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ብቻ አየሁ። ከዚያ ወለል አለ። ሮዝና ሐምራዊ፤ እንደ ጥሩ ሸማኔ ጥለት በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ክፍሎች፤ በእያንዳንዳቸው መሐል አንድ ጥቁር ነጥብ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጨርቅ አይቼ አላውቅም። «ይህ ያልተኮላሸው ነው» አለች። ዕጢው የተለጠፈበትን ስስ ብርጭቆ አንሥታ ሌላ ተካች። «ይኼኛው የተኮላሸው ነው።» ያው ጥለት ነው፤ ነገር ግን ክፍሎቹ አብጠዋል፣ ረድፉ ተገፋፍቷል፤ ውስጣቸው እንደ ጠላ አረፋ ነጫጭ ነጠብጣብ ሞልቷል።

«ለምን?» አልኩ። እጮኛዬን ተቀማሁ ብዬ የመጣሁ ሴት መሆኔን ረስቼ ነበር።

«ከፍሬው የሚመጣው ሆርሞን ይህቺን ዕጢ እንደ ልጓም ይይዛት ነበር። ሲቀር ልጓሙ ይላላል፤ ከአንጎል ሥር የሚመጣው ትእዛዝም ይበረታባታል። ሴሎቿ ያብጣሉ፤ እነዚያ ነጫጮቹ የስብ ጠብታ የነበረባቸው ባዶ ቦታዎች ናቸው።» ስታስረዳ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ጥርሷም ያንን ያህል የወጣ አልመሰለኝም። ከዚህ ያለፈውን ዝርዝር በዚህ ማይክሮስኮፕ ማየት እንደማይቻል፣ አዲስ አበባ ካለው ትልቁ ላይ መታየት እንዳለበት ነገረችኝ። ዶክተር ታረቀ ዕጢዎቹን ይዞ የሚሄድ፣ እዚያው ቀርቶ የሚማርም አንድ ሰው ሊልኩ ነው። ወይ እሷን፣ ወይ ይሁኔን።

ያን ጊዜ የመጣሁበት ትዝ አለኝ። «ይሁኔ ስለ አንቺ ሳያወራ ውሎ አያውቅም» አልኳት።

ፊቷ ላይ እውነተኛ መገረም አየሁ። «ስለ እኔ? ይሁኔ? ከጥቅምት ወዲህ የእግዜር ሰላምታ ሰጥቶኝ አያውቅም እኮ!»

«ቁልፉን ሰፍተሽለት የለም?»

«መቁረጫው ማሽን ላይ ጋውኑ ተይዞ ተበጥሶ፣ በንዴት ወርውሮት ወጣ። ወለል ላይ አግኝቼ ሰፋሁና ሰቀልኩለት። ‹እሱንም ከእኔ ታሳምሪዋለሽ?› አለኝ እንጂ አመሰግናለሁ አላለኝም።»

አይጦቹ ሽቦውን ያኝካሉ። ከዚያ ትርንጎ ጓንቷን እያወለቀች፣ ሳታየኝ ተናገረች። አክስቴ በር ላይ ከጮኹ ወዲህ ዶክተር ታረቀ ስሟ ከሐሜቱ እስኪነጻ ጉዳዩ ይቆይ ብለዋል። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ማኅበረተኛና የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆኑ ሐሜት ይፈራሉ። «አንድ ቃል ይበቃል» አለች። «ይሁኔ ‹ውሸት ነው› ቢላቸው ያልቃል። ለመንኩት። ዝም አለኝ።»

ይሁኔ ከባሕር ዳር በተመለሰ ማግሥት ከከተማው ወጣ ብለን በአስፋልቱ ዳር ሄድን። ፀሐይ ነበረች፤ ብርዱ ግን አልተሸነፈም። ብዙ አላዞርኩም።

«ከትርንጎ ጋር ምን አለህ?»

«ምንም! ኢየሱስን፣ ምንም የለኝም!» አለ። ዓይኑ ውስጥ አየሁት፤ እውነቱን ነበር። ስንት ሳምንት የናፈቅሁት ቃል ነው፤ ሲመጣ ግን ዕረፍት አልሆነኝም።

«እንግዲያው ለዶክተር ንገራቸው።»

ጠጠር በእግሩ ገፋ። «ሰው ያወራል ያወራል፣ ይደክመውና ይተዋል።»

«እሷ ትቀራለች እኮ።»

«እኔ እሄዳለሁ እኮ!» ዞሮ እጄን ያዘ። «ስመኝ፣ ለእኛ ነው። አዲስ አበባ እንገባለን። አንቺ የምትፈልጊውም እሷ እንድትርቅ አይደለም?» እጄን ሳስለቅቀው ቁጣው ገነፈለ። «አንቺ አታውቂውም! ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ እቆርጣለሁ፣ ይቀደድብኛል። ደግሜ እቆርጣለሁ፣ ይሸበሸብብኛል። እሷ እያንጎራጎረች ትመጣና በአንድ ጊዜ! አይታ እንኳን አትኮራም። ብትኮራ ይሻለኝ ነበር!»

ያን ጊዜ ገባኝ። ፊቱን አወቅሁት፤ ምላጭ ይዤ ከቁልፉ ጋር ስታገል እኔ ላይ የነበረው ፊት ነው። ሌት ተቀን ስሟን የሚያነሣው ስለሚወዳት አልነበረም፤ ስለሚቀናባት ነው። በቋንቋችን የፍቅሩንም የሙያውንም በአንድ ቃል ቅናት ነው የምንለው፤ አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ቃል ቸግሯቸው አይመስለኝም። ሁለታችንም አንዲት ሴት እያየን በየፊናችን ስንቃጠል ከርመናል። እኔ እሱን እንዳትወስድብኝ፤ እሱ ደግሞ የሚወሰደው ቦታ ቀርቶ እሷ በመኖሯ ብቻ።

መቅናቱን ባልጠላሁት ነበር። እንዴት ልጥላው? በራሱ ስም ላይ የተወራውን ውሸት እያወቀ፣ እሷን ስለሚጥልለት ብሎ ዝም ማለቱን ግን ልውጠው ብል እንደ ጋሳዩ ድንች ቆመብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ብርቄን ይዤ ዶክተር ታረቀን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጠበቅኋቸው። አክስቴ መንገዱን ሁሉ ሲያጉረመርሙ መጥተው፣ ዶክተሩ ነጠላቸውን አመሳቅለው ብቅ ሲሉ ግን ከእኔ ቀድመው፣ «ምላሴን ይቁረጠው ጌታዬ! ሳላጣራ ነው የጮኽኩት» አሉ። እኔም በትርንጎና በይሁኔ መካከል ምንም እንደሌለ፣ ወሬው ከእኔ ሆድ እንደ ወጣ ነገርኳቸው።

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሁኔ እጮኛሽ ነው። ይህን ስትነግሪኝ ምን እንደሚያጣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እሷን ትወጃታለሽ ማለት ነው?»

«አይ ጌታዬ፣ አልወዳትም። ነገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ በጥርሴ በነከስኳት። ግን አይደለም።»

ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። በሳምንቱ ትርንጎ እንደምትሄድ ተሰማ።

ከመሄዷ በፊት በረንዳችን መጣች። ስንቅ የሚሆን ዳቦ ቆሎ እትዬ ብርቄ በላስቲክ ቋጥረው ሰጧት፤ ይቅርታ መጠየቃቸው ነበር። እኔ የምሰጣት ስላልነበረኝ ቁርጥራጭ ጨርቅና አንድ ቁልፍ ዘረጋሁላትና፣ «ቋጠሮውን አሳዪኝ» አልኳት። ቀስ አድርጋ አሳየችኝ። እስከ ዛሬ ቁልፍ የምሰፋው እንደ እሷ ነው፤ ደንበኞቼ «የስመኝ ቁልፍ አይወልቅም» ይላሉ፤ እኔም አላርማቸውም።

ይሁኔ ሽማግሌዎቹን መልሶ ልኮ እጮኝነቱን አፈረሰ። ለእኔ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቅናትሽ ጎዳኝ።» ትርንጎን ከከተማው ለማራቅ ብዬ ያደረግሁት መስሎት ነበር። ከተማውም እንደዚያ ነው ያመነው። «ጣውንቷን በዘዴ አዲስ አበባ ሸኘቻት» እያሉ አንዳንድ ሴቶች ብልሃቴን አደነቁልኝ። ጥምቀት ሲመጣ ለሠርጌ ያሰብኩትን ቀሚስ ለሌላ ሙሽራ ሰፋሁት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ልጄ ስትጠይቀኝ ክሬ ባልተቋጠረ ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ይሁኔ ሥራውን ለቆ አዲስ አበባ ሄደ። ትርንጎን ይቅርታ ሊጠይቅ ነው የሄደው ተባለ። በዓመቱ መጋባታቸውን ሰማን። እትዬ ብርቄ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ «ይቅርታ ሊጠይቅ ሄዶ ባል ሆኖ ቀረ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። እኔ የሰው ሱሪ እየቆረጥኩ ነበር፤ አንዱን እግር ከሌላው አሳጠርኩት። ጨርቁን ለባለቤቱ ተካሁ። ይህንን ነገር ግን ማን ይተካልኛል? ምንም የላቸውም ብዬ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። እውነትም ምንም አልነበራቸውም። ወይስ ነበራቸው፣ ሁለቱ ሳያውቁት እኔ ብቻ ቀድሜ አይቼው? ቁልፉን በጣቱ ሲነካካ ያየሁት ምን ነበር? ስንት ዓመት ሙሉ ይህንን አገላብጬ ቋጠሮውን አላገኘሁትም።

እኔም ከጊዜ በኋላ አገባሁ። ባሌ ወፍጮ ቤት አለው፤ ማታ ነጭ ዱቄት ለብሶ ይመጣል፤ ስለ ማንም ሴት አውርቶ አያውቅም፤ ስለ ወፍጮው ብቻ ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩ ኑሮ ነው የኖርኩት።

ባለፈው ዓመት ለቡሄ ትርንጎና ይሁኔ መጡ። እሷ አሁን ሐኪሞችን የምታስተምር ትልቅ ሰው ናት። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ዝናቡን ተጠልለን ሳለን ሰው ከበባት፤ የቀድሞ ተማሪዎቿ፣ ዘመድ፣ ባለሥልጣን ሳይቀር። አንዱ «የአገራችን ኩራት» ይላታል፣ ሌላው ጉልበቷን ሊስም ይላል። ይሁኔ ከኋላዋ ጃንጥላውን በራሷ ላይ ይዞ፣ የእጅ ቦርሳዋን በክንዱ አንጠልጥሎ ቆሟል። ትርንጎ አየችኝና መጥታ አቅፋ ሳመችኝ። እኔ ግን በትከሻዋ አሻግሬ የእሱን ፊት ነበር የማየው።

ያንን ፊት ፈለግሁት። ያ በአስፋልቱ ዳር ያየሁት ፊት ከሽበቱና ከሽብሽቡ ሥር የሆነ ቦታ መኖር አለበት ብዬ ፈለግሁት፤ እንዳገኘውም ተመኘሁ። ሰውየው እሷን ሲያመሰግኑ ደስ ብሎት ይስቃል። አፉን በእጁ እንዳይሸፍን እጆቹ ተይዘዋል። ቅናቱ ለቆታል። መቼ እንደለቀቀው፣ በምን እንደለቀቀው አላውቅም፤ እሷ ይሆናል በእነዚያ እጆቿ ሳያመው ያወጣችለት። ያኔ ቆሜ፣ ልጅ ካደረስኩ በኋላ፣ ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ ጋሳይ ላይ ከቀናሁት አብልጬ ቀናሁ። የቀናሁት ግን በእሷ ይሁን በእሱ ለራሴም አልለይልኝ አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባሌ፣ «ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ።

ብርድ ነው አልኩት። ደብረ ታቦር ላይ ይህ መልስ ሁልጊዜ ይታመናል።